ጩኸቱ ለማን ነው? ከቡሬ ፉከራ እስከ ሄቪ ሜታል



ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ከኅብረታችን ወጣቶች አንዱ፣ የማክሰኞ ጸሎት ሳይጀመር ጥግ ይዞ እያዳመጠ ነበር። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ "ልጄ፣ ምን መዝሙር ነው? እስቲ እኔም ልስማው" አሉት። እያፈረ ሰጣቸው። ጥቂት ሰከንድ ሰሙና ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነቀሉት፤ "በኢየሱስ ስም! ይሄማ ጋኔን ነው" አሉ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ይፈጫል፤ ከበሮው እንደ በረዶ ይወርዳል፤ ዘፋኙ እንደ ቆሰለ አውሬ ያገሳል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ከመካከላችን ቃሉን የለየ አንድም ሰው አልነበረም። ለመፍረድ ግን አልዘገየንም። ገሠጽነው፣ ጸለይንለት፣ "አጥፋው" አልነው። አጠፋው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ከጸሎት ቀረ።

ልንጠይቀው ቤቱ ስንሄድ እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ወንድማችን መጀመሪያ ዝም አለ። በኋላ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ "ታላቅ ወንድሜን ከቀበርን ጀምሮ ማልቀስ አቅቶኝ ነበር። ያ ሰውዬ ያለቅስልኝ ነበር" አለን።

ተመልሰን ስንሄድ መንገዱን ሁሉ ብዙ አላወራንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ጥያቄ ይዞናል። እኛ የጎጃም ሰዎች፣ አባቶቻችን ሲፎክሩ እየሰማን ያደግን፣ ሻካራ ጩኸት ከመቼ ጀምሮ ነው እንግዳ የሆነብን? ጩኸትስ በራሱ ክፉ ነውን? መልሱን ከታሪክና ከቃሉ ፈልገናል፤ ያገኘነውን እነሆ።

የአባቶቻችን ግሳት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በገበዝ ማርያምና በዙሪያው ገጠር ያደገ ሰው ሦስት ስሞችን ያውቃል፦ ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ። በዕለት ንግግር እናቀላቅላቸዋለን እንጂ አንድ አይደሉም። ቀረርቶ ድምፅ እየተሳበ፣ እየረዘመ፣ ከወዲህ ማዶ ሆኖ ከወዲያ ማዶ እንዲሰማ የሚወጣ ዜማ ነው። ሽለላ የሰሚውን ወኔ ለመቀስቀስ ነው። ፉከራ ደግሞ ዜማው እጅግ ያነሰ ነው፤ ቃሉ እየተቻኮለ፣ እየተቆረጠ፣ ከደረት እየተገፋ ይወጣል። ፎካሪው "ዘራፍ!" ብሎ ይነሣል፤ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፤ ጦሩን ይሰብቃል፤ ጉሮሮውን ያጠብቃል። ድምፁ የሚሻክረው ሳይቸግረው፣ ሆን ብሎ ነው። በለሰለሰ ድምፅ የሚፎክርን ማን ይፈራዋል?

ይህ ጩኸት በድሮው ሥርዓት ውስጥ ሥራ ነበረው። ወታደሩ ከዘመቻ በፊት በጌታው ፊት እየፎከረ ታማኝነቱን ይምላል፤ ከዘመቻ ሲመለስ ደግሞ በግብሩ ላይ ቆሞ የፈጸመውን ይቆጥራል። ራሱን በአባቱ ስም፣ ጌታውን በፈረስ ስሙ ይጠራል። የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን "አባ ጠና"፣ የኋላውን አርበኛ በላይ ዘለቀን "አባ ኮስትር" የምንላቸው ከዚህ ልማድ የተነሣ ነው። ጀግና ሲሞትም ፉከራው ከሙሾው ጋር ተቀላቅሎ በለቅሶው ቦታ ይሰማል። አንዱ ጉሮሮ በሠርግም፣ በጦርነትም፣ በቀብርም ያገሳል።

አባቶቻችን ጌታን ሲቀበሉ ከተዉአቸው ነገሮች አንዱ ፉከራ ነው። ምክንያታቸውን እናከብራለን። በፉከራ ቋንቋ "ገዳይ" ስድብ ሳይሆን ማዕረግ ነው፤ ደም ማፍሰስ የሚያስመካ ነው፤ ቂም ከአባት ወደ ልጅ በግጥም ይወርሳል። ሰውን ሁሉ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በሰው ሬሳ ላይ ቆሞ ሊመካ አይችልም። ይሁን እንጂ የተዉት ቃሉን ነው ወይስ ድምፁን? ያን ጊዜ የለየ አልነበረም፤ ሁለቱንም አብረን ጣልናቸው። ለዚህ ነው ዛሬ ቃሉን ሳንሰማ በድምፁ ብቻ የፈረድነው።

ቡሬ፣ የካቲት 1933 ዓ.ም.

ከደጃችን የሆነ አንድ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። የጎጃም አርበኞች እስከዚያ ድረስ ለዓመታት ጣሊያንን ሲወጉ ቆይተዋል። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከሱዳን የገባውን አነስተኛ ጦር የሚመራው ኦርድ ዊንጌት የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነበር። ዊንጌት ያደገው የፕሊማውዝ ወንድሞች በሚባለው የወንጌላውያን ማኅበር ውስጥ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ከልጅነቱ ጀምሮ ጠንቅቆ ተምሯል። ለጦሩም ስም ያወጣለት ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው፤ "የጌዴዎን ጦር" አለው።

ለምን ጌዴዎን እንዳለው መሳፍንት 7ን ያነበበ ሁሉ ይገባዋል። ጌዴዎን ብዙ ሠራዊት ሰብስቦ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን እየቀነሰ እየቀነሰ ሦስት መቶ ሰው አስቀረለት። እነዚያ ሦስት መቶ ሰዎች በሌሊት የምድያምን ሰፈር ከበቡ። በአንድ እጃቸው ችቦ፣ በሌላው ቀንደ መለከት ይዘዋል። ማሰሮአቸውን ሰብረው ጮኹ፤ ጠላትም እርስ በርሱ ተራርዶ ሸሸ።

በቡሬም የሆነው ለዚህ የቀረበ ነው። በቡሬ ምሽግ የነበረው የጣሊያን ጦር በሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ በፊቱ የቆመው የጌዴዎን ጦር ግን ጥቂት መቶ ሰው ነው። በግንባሩ ከጥይት ሌላ ድምፅም ይዋጋ ነበር። ጆርጅ ስቲር የሚባል ጋዜጠኛ በድምፅ ማጉያና በበራሪ ወረቀት ከጣሊያን ጋር የተሰለፉትን ወታደሮች በገዛ ቋንቋቸው "ወደ ንጉሣችሁ ተመለሱ" የሚያሰኝ ሥራ ይመራ ነበር። የጣሊያኑ አዛዥ በዙሪያው ያለው ኃይል ካለው በላይ ብዙ መሰለው። የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ በደምበጫ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ማፈግፈግ ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ይህን ታሪክ ስንተርክ ግን እስከ መጨረሻው እንተርከው። ያ የሚያፈገፍግ ጦር ከሁለት ቀን በኋላ በደምበጫ አቅራቢያ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ፤ በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ። ስሙ በፉከራ እስከ ዛሬ የሚጠራው በላይ ዘለቀም ጠላት ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። የቀጣው ባዕድ አልነበረም። ፉከራ ጀግናውን ያነሣዋል፤ ከገመድ ግን አያወርደውም።

የጌዴዎንን ሰዎች ስናስብ አንድ ነገር እናስተውል። ሁለቱም እጃቸው ተይዟል፤ ለሰይፍ የተረፈ እጅ የላቸውም። የጮኹትም ድሉ የእግዚአብሔር መሆኑን ነው። ከዚህ በተለየ ግን ጌዴዎን በኋላ ከሕዝቡ ወርቅ ሰብስቦ ኤፉድ ሠራ፤ ያም ለቤቱ ወጥመድ ሆነ (መሳፍንት 8፥27)። ትላንት በትክክል የጮኸ ሰው ነገ ሊሳሳት ይችላል።

ምድር ያስተጋባችበት ጩኸት

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጩኸት ብዙ ይናገራል፤ አንድ ዓይነት ፍርድ ግን አይሰጥም።

በኢያሪኮ ሕዝቡ ስድስት ቀን ዝም ብሎ ዞረ፤ በሰባተኛው ቀን ሲታዘዝ ጮኸ፤ ቅጥሩም ወደቀ (ኢያሱ 6)። ከዘመናት በኋላ የእግዚአብሔር ታቦት ወደ ሰፈር ሲገባ እስራኤል ሁሉ ከዚያ የማያንስ ታላቅ እልልታ አሰሙ፤ ምድሪቱ አስተጋባች፤ ፍልስጥኤማውያንም ፈሩ። በዚያው ቀን ግን ከእስራኤል ሠላሳ ሺህ እግረኛ ወደቀ፤ ታቦቱም ተማረከ (1ኛ ሳሙኤል 4)። ጩኸቱ ያው ጩኸት ነበር። ልባቸው ግን ከእግዚአብሔር ርቆ፣ ታቦቱን እንደ ክታብ ይዘውት ነበር።

በቀርሜሎስ የበኣል ነቢያት ከጥዋት እስከ ቀትር ጮኹ፣ አካላቸውንም ቧጠጡ፤ የመለሰላቸው የለም። ኤልያስ ጥቂት ቃል ጸለየ፤ እሳት ወረደ (1ኛ ነገሥት 18)። ይህን አንብበን "እንግዲያው ዝምታ ይሻላል" እንዳንል፣ ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጮኻል። ብዙዎች "ዝም በል" ብለው ገሠጹት፤ እርሱ አብልጦ ጮኸ። ጌታ ቆመ፤ የገሠጹትንም ሰዎች "ጥሩት" አላቸው (ማርቆስ 10)። በዚያ ቀን የተሳሳቱት ጸጥታን የሚወዱት ነበሩ።

በሌላ በኩል ሐና በሴሎ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ጸለየች። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት (1ኛ ሳሙኤል 1)። እንግዲህ አንዱ ስለጮኸ፣ አንዷ ዝም ስላለች ተነቀፉ። ሁለቱንም እግዚአብሔር ሰማቸው።

ከሁሉም በላይ የጌታችን ጩኸት አለ። ኢሳይያስ ስለ እርሱ ሲናገር በአደባባይ የማይጮኽ፣ የተቀጠቀጠን ሸምበቆ የማይሰብር ይለዋል (42፥2-3)። ያው ጌታ በመስቀል ላይ በታላቅ ድምፅ ጮኸ፤ ነፍሱንም ሰጠ (ማርቆስ 15)። ያን ጊዜ የጮኸው መዝሙር 22ን ነው፤ ያም መዝሙር በራሱ ስለ ጩኸትና ስለ መተው ይናገራል። የዕብራውያን ጸሐፊም ጌታ በሥጋው ወራት ከብርቱ ጩኸትና ከእንባ ጋር ጸሎት አቀረበ ይለናል (5፥7)። በቀራንዮ ቆመን ብንሰማ ኖሮ ያ ድምፅ ለጆሯችን የሚጥም አይሆንም ነበር። የዳንነው ግን በዚያ ቀን ነው።

አንጮኽም ያሉት

የእኛም የወንጌላውያን ታሪክ በጩኸት የተሞላ ነው። በ1959 ዓ.ም. የተመሠረተችው የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ለመመዝገብ ብትጠይቅም ተከለከለች፤ ወጣቶቿ በየፖሊስ ጣቢያው ታሰሩ። በደርግ ዘመን ደግሞ በሯ ተዘጋ። በያገሩ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳቸው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ።

ያ ዘመን ራሱ የጩኸት ዘመን ነበር። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወር ሬዲዮው በቀረርቶና በሽለላ አገሩን ቀሰቀሰ። በየስብሰባው ግራ እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ መፈክር ይጮኻል። ብዙ ክርስቲያን ወጣቶች የታሰሩት፣ የተገረፉት፣ ከትምህርትና ከሥራ የተባረሩት ያን መፈክር አንጮኽም፣ እጃችንንም አናነሣም በማለታቸው ነው። ዘማሪው ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት በእስር ቆይቷል፤ መዝሙሮቹ ግን ከእጅ ወደ እጅ በካሴት ተዳረሱ።

በዚያ ዘመን አማኞች የሚሰበሰቡት በየቤቱ ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር፤ መስኮቱ ይሸፈናል፤ ሲያለቅሱም አፋቸውን በነጠላ ይይዛሉ። የሚጮኸው አብዮቱ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን በሹክሹክታ አደገች።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በሩ ተከፈተ፤ ለዓመታት የታፈነው ድምፅ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። የድምፅ ማጉያ ገዛን። ጸሎታችን ከፍ አለ፤ አንዳንዱ ሰባኪ እስኪሰልል ይጮኻል። ጎረቤቶቻችንም የሚሉትን ሰምተናል፦ "እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? አምላካቸው ደንቆሮ ነው እንዴ?" አንዳንዶቹ ልክ ነበሩ፤ የታመመ ያለበት ቤት አጠገብ ሌሊቱን ማጉያ መክፈት ፍቅር አይደለም። አንዳንዶቹ ግን ከጩኸቱ በስተጀርባ ያለውን የዓመታት እንባ አላዩም ነበር። እኛም ያን ጊዜ "ድምፃችንን ትታችሁ ልባችንን ስሙ" እያልን ለመንናቸው።

ከዓመታት በኋላ አንድ ወጣት ጥግ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ይለምነን ነበር፤ እኛ ግን ስልኩን ነጠቅነው።

ከባዕድ አገር የመጣው ግሳት

እንግዲህ ያ ሙዚቃ ከየት መጣ? ሄቪ ሜታል ብዙዎች እንደሚስማሙበት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ በበርሚንግሃም፣ ብላክ ሳባዝ በሚባል ባንድ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆርጦበታል። ለተጎዳው እጁ እንዲቀለው የጊታሩን ክር አላላ፤ ድምፁም ወፈረ፣ ጨለመ። ያ ከባድ ድምፅ በከፊል ከቆሰለ እጅ የወጣ ነው።

ግሳቱ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዴዝ ሜታል የሚባለው ዘርፍ ሲወለድ ዘፋኞቹ መዝፈን ትተው ማግሳት ጀመሩ። ይህ ድምፅ የሚወጣው ከእውነተኛዎቹ የድምፅ አውታሮች በላይ ያሉት እጥፋቶች አብረው ሲርገበገቡ ነው። ለሳይንስ እንግዳ አይደለም፤ የሞንጎሊያና የቱቫ እረኞች በጉሮሮ ሲያዜሙ ከእነዚሁ እጥፋቶች ይጠቀማሉ።

የዚህ ሙዚቃ ጨለማ ጎን አለው፤ አንሸፍነውም። በኖርዌይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብላክ ሜታል በሚባለው ዘርፍ ዙሪያ ያሉ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ፤ በበርገን አጠገብ የነበረው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1992 ዐመድ ሆነ። ግጥሞቹ ክርስቶስን የሚሳደቡ፣ ሞትን የሚያመልኩ ባንዶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ይህን የሚፈሩ ወላጆችና ሽማግሌዎች ከንቱ ነገር አልፈሩም።

ነገር ግን በዚያው በ1992 በአውስትራሊያዋ ሜልበርን፣ በስቲቭ ሮው የሚመራው ሞርቲፊኬሽን የተባለ የክርስቲያን ባንድ በዚያው ግሳት ስለ ክርስቶስ የሚናገር አልበም አወጣ። አሜሪካዊው ሰባኪ ጂሚ ስዋጋርት ቀደም ብሎ፣ በ1987፣ ክርስቲያናዊ ሮክን የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ብሎ በመጽሐፍ አወግዞት ነበር። ክርክሩ በሌላው ዓለም እስከ ዛሬ አላበቃም። በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት የዴዝ ሜታል አድማጮች የዓመፅ ምስሎችን ሲያዩ ከሌላው ሰው ያነሰ ስሜት እንደሌላቸው አግኝተዋል። ሙዚቃው አድማጮቹን እንዳደነዘዛቸው የፈራ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

በአገራችንም ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. "ኤርታሌ" በሚል አልበም ከባድ የሮክ ጊታርን ከአገር ቤት ቅኝትና ድምፅ ጋር አገናኝቷል። ስለዚህ ጥያቄው ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በደጃችን ቆሟል።

ስለ አንድ ቃልና ስለ አንድ ክር

አንዳንዶቻችን ክርክሩን በአንድ ቃል እንዘጋዋለን፤ "ዘፋኝነት የሥጋ ሥራ ነው ተብሎ ተጽፏል" እንላለን (ገላትያ 5፥21)። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእርግጥ ይህን ቃል ይዟል። በግሪኩ ያለው ቃል ግን "ኮሞስ" ነው፤ ይህም ሰካራሞች ሌሊት እየጨፈሩ በየመንገዱ የሚፈጽሙትን መረንነት ያመለክታል። ጳውሎስ ከስካር ቀጥሎ ያስቀመጠው ስለዚህ ነው። ቃሉ ስለ ጉሮሮ ልስላሴ ወይም ሻካራነት የሚለው ነገር የለም። በጣም የሚያምር ለስላሳ ድምፅ ወደ ዝሙት ሊጠራን ይችላል፤ ያ ሲሆን ግን "ጋኔን ነው" ብለን የነቀልነው ማዳመጫ ብዙ አይደለም።

ደግሞም ሻካራ ድምፅ ለቅድስና አይሆንም የሚል ሰው በገናን ይስማ። በገና ለጸሎትና ለንስሐ ከተለዩ የአገራችን ጥንታዊ መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ይደረደራል። አሥሩ ክሮቹ ንጹሕና ለስላሳ ድምፅ እንዲሰጡ አልተሠሩም። በክሩና በድልድዩ መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባበታል፤ ክሩ ሲመታ ያን ቆዳ እየነካ ይነዝራል፣ ያጉረመርማል። እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ደርዳሪዎች በዚያ ንዝረት ላይ ከጉሮሮ በሚወጣ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲጸልዩ፣ ከየትኛውም ወገን ብንሆን ልባችን ይነካል። አባቶች ሻካራነቱን ባያስቡት ኖሮ ቆዳውን ባላስገቡት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የጩኸት ሻካራነት በሰከንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ በሚሆን የድምፅ መለዋወጥ የተነሣ እንደሆነና ይህም የአንጎላችንን የፍርሃት ክፍል እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል። ሕፃን በሌሊት ሲጮኽ እናቱ ልትተኛ የማትችለው ለዚህ ነው። ፈጣሪ ጆሯችንን የሠራው ጩኸትን እንዳናልፈው ነው። ጩኸት "አድምጡኝ" ማለት ነው። ከሰሙ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚወስኑት ግን የሰሙት ናቸው።

እንግዲህ ምን እንበል?

ለእኛ የተረዳን ይህ ነው፦ እግዚአብሔር ጩኸትን በጉሮሮው ሻካራነት አይመዝነውም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ጩኸት፣ ስለ ፉከራም፣ ስለ ሄቪ ሜታልም፣ ስለ ራሳችን ማጉያም፣ ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ምን ይላል? ሳንሰማ አንፍረድ። የዚያን ወንድማችንን ስልክ በኋላ አብረን አዳመጥነው፤ እንግሊዝኛ የሚችል ወንድም ቃሉን አንድ በአንድ ተረጎመልን። ከዘፈኖቹ አንዱ እንደ መዝሙር 13 ዓይነት፣ እግዚአብሔርን "እስከ መቼ ፊትህን ትሰውራለህ" ብሎ የሚጠይቅ ሰቆቃ ነበር። ሌሎች ሁለቱ ግን በእውነት ጸያፍ ነበሩ፤ እርሱ ራሱ "እነዚህን ቃላቸውን ሳላውቅ ነበር የምሰማው" ብሎ አጠፋቸው። ማንም አላስገደደውም።

ሁለተኛ፣ በማን ላይ ነው? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ምድራችን እንደገና የተኩስ ድምፅ ትሰማለች። ቀረርቶና ፉከራ በየስልኩ ሞልቷል። በዚህ ጊዜ ወንድምን በወንድም ላይ የሚያስነሣ ጩኸት፣ ዜማው የአባቶቻችን ቢሆንም፣ ከየትኛውም የሜታል ዘፈን ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል። በአፋችን የአንዱን ወገን ሬሳ እያወደስን በእጃችን የጌታን ጽዋ መያዝ አይሆንልንም።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ማንን ያስነሣል? የታቦቱ ጩኸት ሠላሳ ሺህ ሬሳ አስከተለ። የበርጤሜዎስ ጩኸት አንድ ዓይነ ስውር በመንገድ ጌታን ሲከተል አሳየን።

ያ ወንድም ወደ ጸሎታችን ተመልሷል። በተመለሰበት ማክሰኞ ከመጀመሪያ ማዳመጫውን የነቀሉት ሽማግሌ አጠገቡ ተቀመጡ። "ልጄ፣ ወንድምህን ስም ንገረኝ፤ አብረን እናልቅስለት" አሉት። ሲጸልይ ድምፁ ተሰበረ፣ ሻከረ፣ ከፍ አለ። በዚያ ምሽት "ዝም በል" ያለው ሰው አልነበረም።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በብርቱ ጩኸትና በእንባ ስለ እኛ የለመነልህን ልጅህን ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። ሳንሰማ የፈረድንባቸውን ይቅር በለን። በምድራችን የሚጮኸውን የሐዘንተኛ ድምፅ ስማ። ደም የሚጠራውን ጩኸት ከአፋችን አርቅ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።